ሽሮ ውስጥ የተገኘው ሠንጠረዥ አራት

ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አይታሰርም። ሕግ የሚባል ነገር መኖሩን ጨርሶ የማያውቅም እንዲሁ ሲኖር ይኖራል። ጣጣ ውስጥ የሚገባው የግማሽ ቀን ሥልጠና የወሰደ ሰው ነው! ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ እንዳይመስላችሁ፤ ተከሳሿም ምስክሯም እኔው ራሴ ነኝ።

ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ሥራዬን ከወንጀልም ከመድኃኒትም የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ባለፈው ሰሞን ግን «ቁጥጥር ስለሚደረግባቸው መድኃኒቶችና ስለሚያስከትሉት የወንጀል ተጠያቂነት» የሚል የአንድ ቀን ሥልጠና መጣና፣ የተመደበው ባልደረባዬ ጥርሱን አሞት ቀረ። አለቃዬ ግራ ቀኝ ሲያማትር ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺ ሂጂ» አለኝ። «ምሳ አለው።»

ሄድኩ። አሠልጣኙ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ሕጉ መድኃኒትን ሁሉ በአንድ ዓይን እንደማያይ ቀስ አድርጎ አስረዳን። ናርኮቲክ የሚባል ወገን አለ፣ ሳይኮትሮፒክ የሚባል ወገን አለ። ሳይኮትሮፒኮቹ በሠንጠረዥ ተከፋፍለው፣ ለሕክምና እምብዛም የማይረቡትና አደገኞቹ አንደኛው ላይ፣ ሐኪም በየቀኑ የሚያዛቸው ደግሞ ወደ ታች አራተኛው ላይ ይሰፍራሉ። ቅጣቱም እንዲሁ ደረጃ ደረጃ አለው፦ ምን ያዝክ? ምን ያህል ያዝክ? ከሁሉም በላይ ደግሞ… ለማን ያዝክ? ለራሱ የያዘና ለሌላ ሊያስተላልፍ የያዘ እኩል አይጠየቁም። ይህን ሁሉ በደብተሬ ጻፍኩ፣ የታደለንንም ጽሑፍ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ወደ ቤቴም ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ የነበረው ክፍል ርዕሱ «ሕጋዊ ይዞታ» እንደነበር ያወቅሁት ሰንብቼ ነው።

ቤት ስገባ የብስኩቱን ቆርቆሮ አወረድኩት። እናንተስ መድኃኒታችሁን የት ነው የምታስቀምጡት? እኛ ቤት ከታመመው ሁሉ የተረፈ ክኒን የሚከተተው እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። አልጋ ላይ ዘርግፌ በሠንጠረዥ መደርደር ጀመርኩ። ባለቤቴ የሳሉን ሽሮፕ ሊወስድ ሲመጣ እጁን ያዝኩት።

«ይህ ማን ያዘዘልህ ነው?»

«አንቺ ነሻ! ትናንት ማታ።»

እኔ ሐኪም አለመሆኔን ነገርኩት። እየሳለ ተኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ወይዘሮ አንቀጽ» ሆነ፤ ልጆቼም ለምደውት በዚያው ይጠሩኛል።

አሁን ወደ አጎቴ ልውሰዳችሁ። አያ ጓዴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ አዲ አርቃይ ውስጥ በረንዳ ላይ ሲንጀር መኪናውን ዘርግቶ ልብስ ይሰፋል። አንድ ወሬ አለው። አንድ ብቻ! በጎረምሳነቱ ሊማሊሞ ላይ ስለጠፋችበት በቅሎ። በቅሎዋ ወሬው ውስጥ እስክትገኝ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ከተገኘችም በኋላ ስለ ኮርቻው ሌላ ግማሽ ሰዓት አለ። ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

አያ ጓዴ አንድ ምስጢርም አለው። የሚጥል በሽታ አለበት። ክኒኑን ጠዋትና ማታ ከዋጠ ምንም አይለውም። ከስድስት ዓመት በፊት ሁለት ቀን ቢዘልል ግን የከሰል ካውያው ላይ ወደቀ፤ ጠባሳው ዛሬም ክንዱ ላይ አለ። ለጠየቀው ሁሉ «የፈላ ውሃ ነው» ይላል። በሽታውን ሰው ካወቀበት ልብሱን እሱ ዘንድ የሚያሰፋ፣ ከጎኑም የሚቀመጥ የሚኖር አይመስለውም። ስለዚህ እዚያው አዲ አርቃይ ሲታከም እንዳይታይ ብሎ፣ ክትትሉን ጎንደር አድርጎ ሃያ ዓመት ኖሯል።

ክኒኑ እንዴት እንደሚሄድለት ደግሞ ስሙ። ካርዱ እናቴ ዘንድ ነው። እኔ በየወሩ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ አወጣለሁ። እናቴ ስሙ የተጻፈበትን የክኒን ፖስታ ቀዳድዳ ትጥላለች፣ ክኒኑን በላስቲክ ትቋጥራለች፣ ቋጠሮውን አሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ ትከትና ላዩ ላይ ሽሮ ትሞላበታለች። ከዚያ በሚኒባስ ሾፌር መላክ ነው። «ሽሮ ነው» ነው የምንለው። ባልዲው ሲመለስ ማር ይዞ ይመጣል።

በዚህ ወር ግን ወይዘሮ አንቀጽ አለች! በሾፌር መላክ አይቻልም አልኩ።

«ምነው ልጄ፣ ሽሮ እኮ ነው!» አለች እናቴ።

«ውስጡ ያለውስ?»

«ውስጡ ያለውን ማን ያየዋል?»

አያችሁልኝ? ዳኛ ፊት ብትናገረው ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር። እኔው ራሴ ይዤ እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። አያ ጓዴ ዓርብ ዕለት ደውሎ፣ የቀረው ክኒን እስከ እሑድ ጠዋት ብቻ እንደሚያደርሰው ነግሮን ነበር። ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ደረስኩ። እግሬ ሥር ባልዲ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የሥልጠናው ጽሑፍ፣ ጎኔ አንዲት እማሆይ። የአዲ አርቃይ ሰው ናቸው፤ ጎንደር የመጡት ዓይናቸውን ለመታየት ነበር። የገብስ ቆሎ ቋጥሬ ስለነበር እፍኝ ሰጠኋቸው። ዳባት እስክንደርስ መረቁኝ።

ከደባርቅ በኋላ ግን ነገር ተበላሸ። ጽሑፉን አውጥቼ ማንበቤ ነው የበደለኝ። ሊማሊሞን እየተጠማዘዝን ስንወርድ እኔ ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ እጠማዘዛለሁ። ስም የሌለው ክኒን… ስልሳ ፍሬ… ሽሮ ውስጥ የተደበቀ… ከተያዝኩ በኋላ ከምናገር ሳልያዝ ብናገር ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። በዓለም ላይ ካሉ ውሳኔዎች ሁሉ የዚህን ያህል የሚያስቀኝ የለም፤ ያን ጊዜ ግን ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

ዛሪማ ከመድረሳችን በፊት ኬላ አለ። አንድ ሳጅን በሩን ከፈተና እጁን ዘረጋ።

«መታወቂያ።»

«ሳጅን፣ ሳልጠየቅ ልናገር። ባልዲው ውስጥ ሳይኮትሮፒክ አለ።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። «እኔ እኮ መታወቂያ ነው ያልኩሽ።»

«ሠንጠረዥ አራት ነው» አልኩት፣ ላረጋጋው ብዬ የሥልጠናውን ጽሑፍ እያሳየሁ።

«ዕፅ ነው የያዘችው?» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ጆንያ ያቀፈ ሰው። ዕፅ የምትለዋ ቃል ከኋላ እስከ ሾፌሩ ድረስ በአንድ ትንፋሽ ደረሰች። እማሆይ በአፋቸው የነበረውን ቆሎ መዳፋቸው ላይ ተፉት።

«በስመ ሥላሴ! ልጄ፣ ቆሎውም ነው?»

«ኧረ እማሆይ፣ ገብስ ነው!»

«እኔስ ምነው ሊማሊሞ ላይ ራሴን አዞረኝ ብዬ…» አሉና ሦስት ጊዜ አማተቡ። ከመቀመጫቸውም ሸሽተው ጥግ ያዙ።

ሳጅን አንገቱን ነቀነቀ። «አሁንማ ሰምቻለሁ። ከሰማሁ በኋላ አልሰማሁም አይባል። ውረጂ እስቲ።»

እኔ ስወርድ መኪናው ሁሉ ተከትሎኝ ወረደ። ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ነበር። ሳጅን ወረቀት አወጣ።

«ለራስሽ ነው?»

አሠልጣኙ ትዝ አለኝ። «ለራሴ» ብል ቀለል ይላል። ግን ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ የራሱ አንቀጽ ሳይኖረው አይቀርም።

«አይ፣ ለሌላ ሰው ነው።»

ጻፈ። «ከዚህ በፊትስ አድርሰሻል?»

«እኔ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ ጊዜ በሾፌር ነው የምንልከው።»

«እኔ የለሁበትም!» ብሎ ጮኸ ሾፌራችን። «ሽሮ ነው ያሉኝ!»

እግዜር ያሳያችሁ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መረብ ዘረጋሁ። ሳጅን ብዕሩን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«በየስንት ጊዜው ነው የምትልኩት?»

«በየወሩ። ሃያ ዓመት ሆኖናል።»

«ጥቅም ታገኙበታላችሁ?»

«ኧረ በፍጹም! ማር ብቻ ነው የሚልክልን።»

«ማር…» እያለ ጻፈ። «ነጭ ነው ቀይ?»

«ነጭ።»

የከበበን ሰው ሁሉ በአድናቆት አጉረመረመ። እውነት በተናገርኩ ቁጥር አንድ ደረጃ ከፍ እያልኩ መሄዴ ገባኝ። ተሳፍሬ ስመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁን ሾፌር የምታሰማራ፣ በነጭ ማር የምትነግድ የሃያ ዓመት አስተላላፊ ሆኛለሁ።

«የሐኪም ማዘዣውስ?» አለ ሳጅን።

«ፋርማሲው አስቀረው።»

«ምነው አስቀረው?»

«ልዩ ማዘዣ ስለሆነ እነሱ ዘንድ መቀመጥ አለበት። ሕጉ ነው።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። «ቆይ እስቲ… ማዘዣ የሌለሽ ሕጉን ስላከበርሽ ነው የምትይኝ?»

«አዎ!»

«አሥራ አንድ ዓመት ኬላ ላይ ስቆም እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም» አለ። መናደዱ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። «እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ክኒኑ እዚህ ይቆያል፣ ሰኞ ቢሮ ሲከፈት ይጣራል። ወይ አሁን ፋርማሲው ጋ ደውዬ ከመዝገባቸው አጣራለሁ። ለዚያ ግን የታማሚውን ስም እፈልጋለሁ።»

ሳቁ ከእኔ ላይ የጠፋው እዚህ ጋ ነው። ክኒኑ እስከ ሰኞ ከቆየ፣ አያ ጓዴ እሑድ ጠዋት የመጨረሻዋን ውጦ እሑድ ማታ ባዶውን ነው። ሰኞ ደግሞ ካውያውን ያነዳል። ስሙን ከተናገርኩ ደግሞ ከከበቡኝ ሰዎች ግማሾቹ የአዲ አርቃይ ሰዎች ናቸው። ሃያ ዓመት በሽሮ የሸፈነውን በእኔ ምላስ ልገልጠው ነው። እንባዬ መጣ፣ ሳላፍርም አለቀስኩ።

«በወረቀት ልጻፍልዎ» አልኩት።

ስሙንም የፋርማሲውን ስልክም ጻፍኩለት። አጥፌ ሰጠሁት። ሳጅን ስልኩን ደወለ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፣ እንደ ዲያቆን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ጓ-ዴ! ጓዴ ነው የሚለው! አዎ፣ አዲ አርቃይ ነዋሪ! ልብስ ሰፊ! የሚጥል በሽታ ነው? እህ… ፌኖባርቢታል… ስልሳ ፍሬ… ሸጋ!»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እማሆይ ሰዉን በክንዳቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ መጡ።

«ጓዴ ልብስ ሰፊው ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አስለቀሰሽ? የጓዴን ነገር የማያውቅ አለ እንዴ?»

«ያ… ያውቃሉ?»

«እሳት ላይ ከወደቀ ጀምሮማ ልጆችም ያውቃሉ። ካውያ ሲያነድ ብቻውን እንዳይሆን በተራ አጠገቡ የምንቀመጥ እኛ አይደለን? እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ነኝ፤ ዛሬም ለዚያ ነው በማለዳው የተሳፈርኩ።»

«እኔ ማክሰኞ ነኝ» አለ ጆንያ ያቀፈው ሰው።

«የእኔ ባለቤት ሐሙስ ናት» አለ ሌላው።

ወደ እማሆይ ዞርኩ። «ታዲያ ምነው አልነገራችሁትም?»

እማሆይ ተቆጡ። «ምነው ብለን እንነግረዋለን? እሱ ሳይነግረን እኛ ብንነግረው ነውር አይደለም? እሱማ ወሬውን ወደን የምንቀመጥ ይመስለዋል።» ወደ ሳጅን ዞሩ። «ስለ በቅሎ ነው የሚያወራ። እንደው ልጄ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ! በቅሎዋን እኔ ራሴ ፈልጌ ባገኘኋት ያልኩበት ቀን ስንት ነው!»

«ኮርቻውስ!» አለ ማክሰኞ፣ ከልቡ ተክዞ።

ሳጅን ሳቁን በመታወቂያዎቹ ሸፈነ። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና፣ ስልሳው ፍሬ መቆጠር አለበት አለ። ባልዲውን ስንከፍት ደግሞ ጉድ ፈላ! የእናቴ ቋጠሮ በሊማሊሞ መንገጫገጭ ተፈቶ፣ ክኒኑ ሁሉ ሽሮው ውስጥ ተበትኗል። ከዚያው አጠገብ ሻይ ከምትሸጥ ሴት ወንፊት ለመንን። ሳጅን ይነፋል፣ እማሆይ ይለቅማሉ፣ ሾፌሩ ይቆጥራል፣ የቀረው ሕዝብ ምስር የሚለቅም ይመስል ጠረጴዛውን ከብቦ ያግዛል። መጀመሪያ ሃምሳ ስምንት ሆነ። ሁለተኛ ስንቆጥር ስልሳ አንድ ሆነና ሁላችንም ደነገጥን፤ አንዷ ሳትፈጭ ያመለጠች ሽንብራ ናት። በሦስተኛው ልክ ስልሳ መጣ። ሳጅን ከቅንድቡ እስከ ጫማው ሽሮ ለብሶ፣ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ፣ «ሕጋዊ ነው!» ብሎ ፈረደ። ሰዉ አጨበጨበ።

በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለልኝ፣ ስሙንና ብዛቱን ጻፈበት፣ ከፋርማሲው ጋር መነጋገሩንም ጨመረበት።

«በሚቀጥለው ጊዜ መታወቂያ ስትባዪ መታወቂያ ስጪ» አለኝ። «ያን ጽሑፍ ደግሞ ለእኔ ትተሽልኝ ሂጂ። አንቺ ዘንድ መቆየቱ ለሕዝብ ጥሩ አይደለም።»

ሰጠሁት። ከያዝኳቸው መድኃኒቶች ሁሉ አደገኛው እሱ ነበር።

ከኬላው እስከ አዲ አርቃይ እማሆይ ጉልበቴን ይዘው አስማሉኝ። «አትንገሪው፣ እሺ? ሰው የሚያውቅ መሰለው ማለት በረንዳውን ዘግቶ ቤት ይገባል። ያን ጊዜ ማን ያየዋል?» እሺ አልኩ። ለተፉት ቆሎ ምትክ ጠየቁኝና እፍኝ ሰጠኋቸው።

አያ ጓዴን በረንዳው ላይ ሱሪ እየጠቀመ አገኘሁት። ባልዲውን ከእጄ ቀምቶ ወደ ጓዳ አስገባኝና በሩን ገርበብ አደረገ።

«ማንም አላየሽም?»

«ማንም አላየኝም፣ አያ።»

«መንገድ ላይ ምንም አልጠየቁሽም?»

«መታወቂያ ብቻ።»

የሐሰት ምስክርነት በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስቀጣ አላውቅም፤ እሱ ምናልባት ከሰዓት በኋላ ይሆናል የተማሩት። ጥቅሉን በደስታ ተቀበለኝ። ላዩ ላይ ያለውን የሳጅን ጽሑፍ አላየውም፤ ደግነቱ መነጽሩ ውጭ ሲንጀሩ ላይ ነበር። ቶሎ ብዬ ወረቀቱን በሌላ ለወጥኩለት፣ እሱም ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈበት።

ወደ በረንዳው ስንመለስ ከሰሉን ማራገብ ጀመረ። ፊቱ በርቷል።

«እንዲያው ልጄ፣ ስንቱ ሰው ብቻውን ይውላል። እኔ ግን ምስጋና ለእግዜር፣ አንድ ቀን ብቻዬን ውዬ አላውቅም። የዚህ አገር ሰው ወሬዬን ይወደዋል! ተራ ይዞ ነው የሚመጣ ብልሽ አታምኚኝም።»

«አምንሃለሁ፣ አያ።»

ካውያው ሲግል እማሆይ ብቅ አሉ። ጎንደር ደርሰው የተመለሱ፣ ቆሎ የተፉ፣ ሽሮ የለቀሙ አይመስሉም፤ እኔንም አይተውኝ እንደማያውቁ ሰው «እንግዳ አለህ?» አሉት። በርጩማ ሳብ አድርገው ከካውያው አጠገብ፣ እጃቸው በሚደርስበት በኩል ተቀመጡ።

አያ ጓዴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማሆይ፣ ያን ጊዜ ሊማሊሞ ላይ ስለጠፋችብኝ በቅሎ አጫውቼዎት አውቃለሁ?»

እንግዲህ ሕግ ቅጣትን በደረጃ ከፍሎ አስቀምጧል አይደል? አንድ ከተማ የሰው ምስጢር አውቆ ዝም በማለቱ የሚቀጣውን ቅጣት ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አላገኘሁትም። ይግባኝ የለው፣ አመክሮ የለው!

እማሆይ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዓይናቸውን ካውያው ላይ ተከሉ።

«ኧረ በፍጹም!» አሉት። «ምን ሆነች በቅሎዋ?»